ደመወዝ የሚከፈልበት ንባብ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሠፈር ውስጥ የሚተዋወቀኝ ሰው ሁሉ «ሥራሽ ምን ነበር?» ይለኛል። «ማንበብ» እላለሁ። «እሱስ ይሁን፤ ሥራሽን ነው የጠየቅኩሽ» ይሉኛል። ሥራዬ እሱ ነበር ብዬ ብምል ብገዘት የሚያምነኝ የለም። አንዷ ጎረቤቴማ «እኛ ስንለፋ አንቺ ቁጭ ብለሽ ልብ ወለድ ስታነቢ ኖረሽ ነው ጡረታ የሚቆረጥልሽ?» ብላ ስቃብኛለች። በልቤ «ልብ ወለድ ለማንበብ ምን እንደከፈልኩ ብታውቂ» አልኩ፤ ለእሷ ግን አልነገርኳትም። እነሆ አሁን በጽሑፍ ልንገራት።

አራሚ ነበርኩ። በዚያን ዘመን ጽሑፍ የሚታተመው ከቀለጠ እርሳስ ነው። ፊደል ለቃሚው የደራሲውን ረቂቅ እያየ መስመሩን በእርሳስ ያወጣል፣ ከዚያ ለሙከራ አንድ ቅጂ ይታተማል። ፕሩፍ እንለዋለን። ፕሩፉን ከረቂቁ ጋር አስተያይቶ የጎደለውን፣ የተደገመውን፣ የተዛነፈውን የሚያወጣው ሰው አራሚ ነው። አራሚ ሥራውን በደንብ ከሠራ መኖሩን የሚያውቅ የለም፤ ከተሳሳተ ግን አገር ያውቀዋል።

ከልጅነቴ ጀምሮ መጽሐፍ ከያዝኩ መድኃኒት የለኝም። ሽሮ ሳላሳርር ያለፈ ሳምንት ትዝ አይለኝም። እናቴ ጭሱን እያራገበች «ይቺን ልጅ ወረቀት በላት» ትል ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሥራ ፈትቼ ሳለሁ፣ ንፋስ ስልክ አካባቢ ያለ አንድ ማተሚያ ቤት አራሚ ይፈልጋል ሲባል ከመካኒሳ በሩጫ ነው የሄድኩት። ማተሚያ ቤቱ በቅርቡ ተወርሶ የመንግሥት ሆኗል፤ በሩ ላይ ያለው ቀይ ቀለም ገና እጅ ያቆሽሻል። ስቀጠር የተሰማኝ ረሃብተኛ ዳቦ ቤት ሲቀጠር የሚሰማው ነው። መጀመሪያ ደረሰኝና የቀን መቁጠሪያ ላይ መደቡኝ። ሰኞ ማክሰኞ፣ ሰኞ ማክሰኞ ስል ከረምኩና ወደ ጋሽ ወልዴ ክፍል ተዛወርኩ።

ጋሽ ወልዴ ዋናው አራሚ ናቸው። በዚያን ጊዜ ጸጉራቸው ሸብቶ አልቋል። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ናቸው፤ ዳዊት ደግመው ነው ወደ ከተማ የመጡት። ሥራ አስኪያጅ ሲሻር ሥራ አስኪያጅ ሲሾም እሳቸው ከወንበራቸው አልተነሡም። ጠዋት ሲገቡ እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ። ከዚያ ከኮታቸው ኪስ አንድ ሎሚ አውጥተው ጠረጴዛው ጥግ ላይ ያኖራሉ፤ የእርሳስና የቀለም ሽታ ሲከብዳቸው እሷን ያሸታሉ። መጨረሻ ላይ የነሐስ ማስመሪያቸውን በመሐረብ ጠርገው ከመጀመሪያው መስመር ሥር ያስቀምጣሉ። ማስመሪያው ሳይወርድ ዐይናቸው አይወርድም። ሲያርሙ አንድ ጊዜም ወደ ታች ሲሰርቁ አይቻቸው አላውቅም።

ሥራው የሁለት ሰው ነው። አንዱ ረቂቁን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ፕሩፉን እያየ ይከተላል። እኔ አንባቢ፣ እሳቸው ተከታይ ሆንን። በመጀመሪያው ቀን እንደ ተማሪ ቤት ቲያትር ድምፄን ከፍ ዝቅ እያደረግኩ ጀመርኩ። እጃቸውን አነሡ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እያነበብኩ ነዋ፣ ጋሼ።»

«እኛ ዘንድ ተማሪ መጀመሪያ በግእዝ ነው የሚያነበው። ፊደል በፊደል፣ እየቆጠረ፣ ያለ ስሜት። ሲጠነክር ቁም ንባብ ይገባል፤ ያን ጊዜ እንደ ውሃ ይፈስለታል። እዚህ ክፍል ውስጥ ቁም ንባብ የሚባል ነገር የለም። ዕድሜ ልክሽን በግእዝ ነሽ። ገባሽ ልጄ?»

«ታዲያ ታሪኩ እንዴት ይገባኛል?»

«እንዳይገባሽ ነው እንጂ የምልሽ!»

ስለዚህ እንዲህ እያልኩ ማንበብ ለመድኩ፦ «ልጅቷ ወደ ገበያ ወጣች ነጠላ ሰረዝ ቅርጫቷን አወረደች ነጠላ ሰረዝ አላለቀሰችም አራት ነጥብ አዲስ አንቀጽ።» ሥርዓተ ነጥቡ ሁሉ በድምፅ ይጠራል። አመሉ ቤት ድረስ ተከተለኝ። ባለቤቴ «ራት ደርሷል?» ሲለኝ «ደርሷል አራት ነጥብ» ብዬው፣ ለዘመድ ሁሉ እያወራ ለዓመታት ሲሥቅብኝ ኖሯል።

ጋሽ ወልዴ ልክ ነበሩ። ታሪክ የሚከተል ዐይን ይሮጣል፤ የሚሮጥ ዐይን ደግሞ የጎደለውን ከራሱ ሞልቶ ያልፋል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይሉኝ ነበር ፈጠን ባልኩ ቁጥር። እኔም ጎበዝ ሆንኩ። መስመር ሲዘለል ገና ሳላየው ይሸተኝ ጀመር፤ የሌላ ክፍል ሰዎች ሳይቀሩ «ይቺን አንዴ ዐይንሽ ይያት» እያሉ ይመጡ ነበር።

ጉዳቱ ቀስ ብሎ ነው የመጣው። የምናርመው በአብዛኛው የውይይት ክበብ ጽሑፍ፣ የመመሪያ ጥራዝና የበዓል መፈክር ነው። አፌ ይለዋል፣ እኔ ግን የለሁም። አንድ ቅዳሜ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ አንድ ልብ ወለድ ገዝቼ፣ ልጆቹን ለአክስታቸው ሰጥቼ፣ እንደ ድሮዬ አልጋ ላይ ተጋደምኩ። ጥቂት ገጽ እንደሄድኩ እጄ ላይ ቀይ ስክሪፕቶ አየሁ። መቼ እንዳነሣሁት አላውቅም። ዳርቻው ሁሉ በእርማት ምልክት ተሞልቷል፤ ባለታሪኳ ማን ናት ብባል ግን አላውቃትም። መጽሐፉን ዘግቼ አለቀስኩ። በፍቅር የገባሁበት ሥራ ፍቅሩን ራሱን በልቶብኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ለራሴ ብዬ የጨረስኩት መጽሐፍ አንድም የለም።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ «የጉድጓዱ» መጣ። ርዕሱ ሌላ ነው፤ እኛ ግን የምንጠራው እንደዚያ ነበር። ደራሲው የክፍለ ሀገር መምህር ነው። ረቂቁ ሳንሱር ቤት ከርሞ ከርሞ፣ በየገጹ ማህተም ተመትቶበት ደረሰን። ያኔ ማህተም ያላረፈበት ገጽ አይታተምም፤ ካረፈበት ገጽ ላይም ቃል መጨመርም መቀነስም አይቻልም።

ታሪኩ የሁለት ወንድማማቾች ነው። በእርሻ ድንበር ተጣልተው፣ በአንድ መንደር እየኖሩ፣ ለዓመታት ቃል ሳይለዋወጡ የቆዩ። ታላቁ ጉድጓድ ቆፋሪ ነው። እንደ ልማዴ በግእዝ ጀመርኩት። በማግሥቱ ነጠላ ሰረዙን መጥራት ተውኩ። ጋሽ ወልዴ እጃቸውን አላነሡም። ቀጥሎ አራት ነጥቡም ቀረ፤ ድምፄም ሳላዘው ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ። ይቆጡኛል ብዬ ቀና ብል ማስመሪያው አንድ ቦታ ላይ ቆሟል፤ እሳቸው ግድግዳውን ያያሉ።

«ጋሼ፣ ልቀጥል?»

«ቀጥዪ እንጂ!» አሉኝ።

ግድግዳው የኮምፔርሳቶ ነው። ከወዲያ ማዶ የጥረዛ ክፍሉ ሴቶች ወረቀት ያጥፋሉ፣ ይሰፋሉ፣ ያጣብቃሉ። ሁልጊዜ ጫጫታቸው እኛ ክፍል ይገባ ነበር፤ ያን ሰሞን ግን ጸጥ አሉ። አለቃቸው ከድጃ ትባላለች። ያኔ እርሻ ከነበረው ከላፍቶ በእግሯ የምትመጣ፣ ማንበብ በመሠረተ ትምህርት ተምራ ያገኘችውን ሁሉ የምታነብ፣ አፏን የማትይዝ ሴት ናት። ግድግዳውን በቡጢ ትመታና «ጽጌ! ጮክ በይ እንጂ፤ ማሽኑ እየበላብን ነው!» ትለኛለች። ምሳ ሰዓት ላይ «ታናሹ ዛሬም አላናገረውም?» ብለው ይከቡኛል።

እንዴት ደስ ብሎኝ ነበር! የደነዘዘ እግር ደም ሲመለስበት እንደሚወርረው ነበር፤ ያማልም፣ ያሥቃልም። ቤቴ እየሄድኩ ስለ ሁለቱ ወንድማማቾች አስባለሁ፤ ጠዋት ስነቃ መጀመሪያ ትዝ የሚሉኝ እነሱ ናቸው። የሞተ የመሰለኝ ነገር ለካ ተኝቶ ነው።

ከዚያ ትልቁ ቦታ ላይ ደረስን። ታላቁ ጉድጓድ ውስጥ ሳለ አፈሩ ይደረመስበታል። በአካባቢው ያለው ሰው ታናሹ ብቻ ነው። ሮጦ ደርሶ አፋፉ ላይ ይቆማል፣ ቁልቁል ያያል፤ ገመዱ እግሩ ሥር ተጠቅልሏል። ገጹ እዚያ ላይ አለቀ። ስገልጥ ቀጣዩ ገጽ ሁለቱ ወንድማማቾች ወደ ቤት ሲሄዱ ይጀምራል።

«እህ! የት ሄደ?» ብዬ ጮህኩ። ያለፈውን ገጽ ስዳብሰው ወፍሯል። ለካ የሳንሱር ቤቱ ማህተም ቀለሙ ሳይደርቅ ተደራርቦ ሁለት ገጽ አጣብቋል። በጥፍሬ ፈልቅቄ ለየኋቸው። ሁሉም ነገር እዚያች በተጣበቀችው ገጽ ላይ ነበር፦ ታናሹ ጎንበስ ብሎ ገመዱን ያነሣል፣ ከወገቡ ጋር ያስረዋል፣ እያሰረም ስንት ዓመት ያልጠራውን ወንድሙን በስሙ ይጠራዋል። ሳነበው ግድግዳው ማዶ አንዷ «ወይኔ ወንድሜን!» አለች። ጋሽ ወልዴ መነጽራቸውን አውልቀው ዐይናቸውን ጠረጉ። በዚያው ሙቀት እስከ መጨረሻው ጨረስነው፤ እሳቸውም ፕሩፉ ላይ «ይታተም» ብለው ፈረሙ።

እኔ በጥፍሬ የፈለቀቅኳትን ገጽ ፊደል ለቃሚው አልፈለቀቃትም ነበር። ሁለቱን ባንድ ላይ ገልብጦ አልፏል። ገጿ ፕሩፉ ላይ የለችም። እኔ ያነበብኩት ከረቂቁ ነው፤ ጋሽ ወልዴ ደግሞ ሰሙ እንጂ አላዩም። ደካማ አራሚ እንኳ ይህን አይስትም። እንዲህ ያለ ስህተት የሚሠሩት በታሪክ የተወሰዱ ሁለት አራሚዎች ብቻ ናቸው።

መጽሐፉ ታትሞ ወረቀቱ ጥረዛ ክፍል ከገባ በኋላ ከድጃ በራችንን በክርኗ ከፍታ ገባች። እጇ ሙጫ ነው።

«ጽጌ፣ ገመዱ የታለ?»

«የቱ ገመድ?»

«ልጁ የሚያስረው ነዋ! ያቺን ቦታ ደግሜ ላያት ብዬ ብፈልግ ብፈልግ የለችም። አፋፍ ላይ ቆመ ይላል፤ ከዚያ ወደ ቤት ሄዱ ይላል። ወላሂ፣ ማነው ያወጣት?»

ጋሽ ወልዴ የታተመውን ወረቀት ተቀብለው ማስመሪያቸውን ከሥሩ አድርገው አነበቡ። እንደገና አነበቡ። ከዚያ ማስመሪያውን መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።

«ስንት ዘመን ሰው የከለከልኩትን እኔው አደረግኩት» አሉ። «ያውም ደስ እያለኝ።»

ወደ ሥራ አስኪያጁ ሄድን። ጓድ ታደለ ይባላል፤ በዕድሜ ከእኔ ያንሳል። ክፉ አልነበረም፣ ፈሪ ነበር። ቦታውን አሳየነው።

«ቆይ፣ ሰውዬው ከጉድጓድ ወጥቷል አይደል?»

«ወጥቷል» አልኩ።

«ያወጣው ወንድሙ ነው፤ ይኸው አብረው ወደ ቤት ይሄዳሉ። አንባቢው አህያ ነው እንዴ? ይገባዋል። ምን ጎደለ?»

«ገመዱ ነዋ!»

«ጓድ ጽጌ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «ወረቀት የምናገኘው በኮታ ነው። እንደገና ይታተም ብል ምክንያቱን ጻፍ እባላለሁ። ማህተም ያረፈበት ገጽ ቀረ ብዬ እጽፋለሁ። ማን አስቀረው፣ ማን ፈረመ ይባላል። የፈረሙት ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ወር የቀራቸው ጓድ ወልዴ ናቸው። ዝንጉነት ነው ወይስ አሻጥር የሚለውን የምወስነው እኔ አይደለሁም።»

አሻጥር የምትለው ቃል በዚያን ዘመን ሰው ትበላ ነበር።

«በመጪው ሳምንት ተጠርዞ ይውጣ» አለ ጓድ ታደለ። «ወሬውን እዚሁ ቅበሩት።»

ግቢው ውስጥ ከጋሽ ወልዴ ጋር ቆምን። ዝም ብል እሳቸው ጡረታቸውን በሰላም ይበላሉ፤ ያ መምህር ግን የተቆረጠ መጽሐፍ ይደርሰዋል። ለሌላው ቢሆን አንድ ገጽ ነው። ለእኔ ግን ከስንት ዓመት በኋላ እንደገና ሰው ያደረገችኝ ገጽ ናት። እሷን አውጥቶ «ምን ጎደለ?» ማለት እኔን «ምን ሆንሽ?» እንደማለት ነው። ይህን ሁሉ አልተናገርኩም፤ «ለእርስዎ ስል ዝም ልበል?» ብቻ አልኳቸው።

ተቆጡ። «እኔን ሰበብ አታድርጊኝ! እኔ ፈርሜበት የወጣ መጽሐፍ ሁሉ ሙሉ ነው። የመጨረሻዬ ጎደሎ አይወጣም።»

«አሻጥር ቢሉዎትስ?»

«ለምን ይሉኛል? ብልሃት ፈልጊ እንጂ! ጭንቅላት የተሰጠሽ ለነጠላ ሰረዝ ብቻ ነው እንዴ?»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቆረጥኩ። መጽሐፉ ገመዱን ሳይዝ ከዚያ ግቢ አይወጣም። ማደሪያዬ እስር ቤትም ቢሆን።

ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም። ከድጃ ጋ ሄጄ ስናወራ፣ ጥግ ላይ የተከመረ ቁርጥራጭ ወረቀት አየሁ። የአብዮት በዓል ፖስተር ሲከረከም የተረፈ ነው፤ ሣንቲም አያወጣም፣ ሴቶቹ ምሳቸውን ይጠቀልሉበታል። ቀለሙ ትንሽ ወደ ቢጫ ይላል፣ ስፋቱ ግን ለመጽሐፍ ቅጠል ይበቃል። ከድጃ አንዱን አንሥታ በጣቷ አሸት አሸት አደረገችና «ይይዛል» አለች። መንገዱን የነገረችኝም እሷ ናት፦ ክፍተቱ ያለበትን አንዱን ቅጠል ሥሩን በቀጭኑ ትቶ በምላጭ መቁረጥ፣ ጽሑፉን ከጎደለው ጋር አንድ ላይ እንደገና ለቅሞ በቁርጥራጩ ላይ ሁለት ቅጠል ማተም፣ ከዚያ በቀረው ሥር ላይ ማጣበቅ። ሥራው በእጅ፣ በእያንዳንዱ መጽሐፍ ላይ ነው።

የቀረው ፈቃድ ነው። ረቡዕ ረቡዕ ከሥራ በኋላ የውይይት ክበብ አለ። አዳራሹ ሞልቶ፣ ጓድ ታደለ ከበላይ የመጣ አንድ እንግዳ አጠገቡ አስቀምጦ፣ «ሌላ የሚነሣ ነጥብ አለ?» አለ። እጄን አወጣሁ። ለዓመታት አፌ እያለው እኔ የሌለሁበት ሐረግ ሁሉ ያን ቀን ደረሰልኝ።

«ጓድ ሊቀመንበር! የጥረዛና የእርማት ክፍል ሠራተኞች የምርት ጥራትን ለማሻሻል፣ የባከነ ቁርጥራጭ ወረቀትን ለምርት በማዋል፣ በመጪው እሑድ የአንድ ቀን የበጎ ፈቃድ ዘመቻ ለማካሄድ ዝግጁ መሆናችንን እናረጋግጣለን!»

«እናረጋግጣለን!» አለች ከድጃ ከኋላ ብድግ ብላ። ሴቶቹ ሁሉ ተነሡ። አዳራሹ አጨበጨበ፤ እንግዳው ማስታወሻ ያዘ፣ ራሱንም ነቀነቀ። ጓድ ታደለ ነገሩ ወዲያው ገብቶታል፤ እሱም አጨበጨበ። ምን ያድርግ? ዘመቻ እምቢ ያለ ሥራ አስኪያጅ በዚያን ዘመን አልተወለደም።

ሰው ሲወጣ በሩ ላይ ያዘኝ።

«ተጫወትሽብኝ።»

«ምን በወጣኝ፤ ለሪፖርት የሚሆን ሥራ ሰጠሁዎት እንጂ።»

«እሺ። በቁርጥራጩ ብቻ። ከኮታው አንድ ሙሉ ወረቀት ብትነኩ አልምርም። ጓድ ወልዴ በሰላም ይወጣሉ፤ አንቺ ግን ከዛሬ ጀምሮ ልብ ወለድ አታርሚም። እጅሽ አይገባም። መመሪያና መፈክር ይበቃሻል።»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ገና ያገኘሁትን መልሶ ወሰደብኝ። ብለምነው ይተወኝ እንደሆነ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ልመና ከገባሁ ዘመቻውም እንደሚላላ ገባኝ። «እሺ» አልኩና ሄድኩ። እስከ መካኒሳ ድረስ በእግሬ እያለቀስኩ ነው የሄድኩት።

ቅዳሜ የተለቀሙትን ገጾች ከጋሽ ወልዴ ጋር አረምን። እጃቸውን ታጠቡ፣ ማስመሪያውን ከመሳቢያ አወጡ። እኔም በግእዝ «ገመዱን አነሣ ነጠላ ሰረዝ» እያልኩ፣ አንዲት ነጥብ ሳልዘል አነበብኩ። «ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩት። ሦስተኛም አስደገሙኝና ፈረሙ፤ ቅጠሎቹ ያንኑ ማታ ታተሙ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ተሰበሰብን። ከድጃ የዱቄት ሙጫውን ራሷ አማስላ፣ ለእያንዳንዷ ብሩሽ አድላ፣ እንደ መቶ አለቃ ትዞራለች። «ሙጫ ካበዛሽ ገጹ ይጣበቃል፣ ካሳነስሽ ይወልቃል። በጣትሽ ጫፍ ጠርገሽ እለፊ። ነይ እስኪ አንቺ፣ ይሄ ጠማማ ነው፣ ድገሚው!» እኔ ምላጭ ላይ ነበርኩ። ብዙም ሳንቆይ አንዷ «ዝም ብለን ነው እንዴ የምንውለው? ጽጌ ታንብብልን» አለች። ምላጩን ተቀበሉኝና ከፍ ያለ በርጩማ ላይ አስቀመጡኝ።

ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ጋሽ ወልዴ ያለ ሥራ አይቀመጡም ነበር፤ ያን ቀን ግን ጥግ ላይ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ማስመሪያ የላቸውም፣ ፕሩፍ የላቸውም። ትንሽ እንዳነበብኩ የለመደብኝ ፊደል ቆጠራ መጣና ድምፄ ደረቅ አለ። «ዛሬ ቁም ንባብ ነው» አሉኝ ከጥጋቸው። ከዚያ በኋላ ማንም አላቆመኝም።

ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ስደርስ ከድጃ እጇን አነሣች። «ቆይ! ሁላችሁም ብሩሽ አስቀምጡ! ሙጫ የያዘ ሰው ይህን ቦታ አይሰማም፤ ታበላሹታላችሁ!» ሣቅ ሆነ፤ ብሩሹ ሁሉ ተቀመጠ። አነበብኩት። ታናሹ ወንድሙን በስሙ ሲጠራው ጋሽ ወልዴ አለቀሱ፤ እንደዚያኛው ጊዜ አልደበቁትም። አመሻሹ ላይ የመጨረሻው መጽሐፍ ተጠናቀቀ።

ጋሽ ወልዴ ጡረታቸውን በክብር ወጡ፤ ጓድ ታደለ ራሱ ንግግር አደረገላቸው። እኔን በተመለከተ ቃሉን ጠበቀ። እስኪዛወር ድረስ መመሪያና መፈክር ሳርም ኖርኩ፤ የልብ ወለድ ረቂቅ በደጃፌ አልፎ ለሌላ ሰው ሲሰጥ ስንት ጊዜ አየሁ። ግን የከለከለኝ ማረሙን ነው፤ ማንበቡን የመከልከል ሥልጣን አልነበረውም። ቀይ ስክሪፕቶዬን መሥሪያ ቤት ቆልፌ ባዶ እጄን ቤት መግባት ጀመርኩ። መጀመሪያ ላይ ጣቶቼ ይፈልጉት ነበር። እልህ ተጋባሁ፦ አንድ ገጽ፣ ሁለት ገጽ፣ ምዕራፍ። ቀን በግእዝ፣ ማታ በቁም ንባብ። ሽሮም ማሳረር ጀመርኩ።

መጽሐፉ ከወጣ ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። ከሳር ቤት ወደ ቤቴ ታክሲ ያዝኩ። ያኔ ውይይት የምንላት ታክሲ ነበረች፤ ከኋላ ሁለት አግዳሚ ፊት ለፊት ተተክሎ፣ ተሳፋሪው ጉልበት ለጉልበት ተያይቶ የሚቀመጥባት። ከፊቴ ሰማያዊ ቱታ የለበሰ ወጣት የፋብሪካ ሠራተኛ ተቀምጧል። ሲገባ «መካኒሳ» ብሎ ከፍሎ መጽሐፍ ገለጠ። «የጉድጓዱ» ነው። ከጎን ሲታይ በነጩ ወረቀት መካከል ቀጭን ቢጫ መስመር አለች፤ የእኛ ቅጠሎች። ሊደርስባት ትንሽ ቀርቶታል።

የወረቀቱ ቀለም ሲለወጥ ቆም ብሎ ያየዋል፣ ሙጫውን በጣቱ ይዳብሳል፣ «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» ይላል ብዬ ጠበቅኩ። አራሚ ነኝና የታየኝ ጉድለቱ ብቻ ነው። ቢጫዋን ቅጠል ገለጣት። ቀለሙን አላየም። ሙጫውን አላየም። አንገቱን ወደ መጽሐፉ አቀረበ፣ ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ።

ረዳቱ «መካኒሳ! መካኒሳ ወራጅ!» አለ። የሚወርዱት ወረዱ። ወጣቱ አልተንቀሳቀሰም። እኔም የምወርደው እዚያ ነበር፤ አልተንቀሳቀስኩም። ታክሲው ተነሣ።

«ወንድም!» አለ ረዳቱ ትከሻውን ነካ አድርጎ፤ «መካኒሳ አልነበር ያልከኝ? አልፈናል እኮ!»

ወጣቱ ቀና ሳይል አንድ እጁን አነሣ። «ቆይ አንዴ፤ ገመዱን እያሰረ ነው።»

ተሳፋሪው ሁሉ ዞር ዞር ብሎ ገመድ ፈለገ። እኔ ቦርሳዬን ከፍቼ፣ ከመካኒሳ ወዲያ ያለውን ሒሳብ የሁለታችንንም ከፈልኩ።